«ስፓርታከስ»፦ የ2010ሩ ብሉሬይ ወይስ የ2015ቱ?

በ1960 የወጣውን «ስፓርታከስ» ፊልም በብሉሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል በሚይዝ ዲስክ) ማየት ለፈለገ ሰው ሁለት እትሞች አሉ። አንዱ በ2010፣ ሌላው በ2015 የወጡ ናቸው (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። በምስል ጥራት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

የ2010ሩ የተሠራው ከቆየ ዲጂታል ቅጂ ነው። ግሬይኑን፣ ማለትም በፊልም ላይ የሚታየውን ደቃቅ ነጠብጣብ፣ በኮምፒውተር ጠርገውታል። ችግሩ እሱ ሲጠረግ የፊት መስመሩና የጨርቁ ክርም አብረው መሄዳቸው ነው። መሪ ተዋናዩ ኪርክ ዳግላስ በሰም የተሠራ ይመስላል።

ለ2015ቱ ግን ባለሙያዎቹ ወደ ራሱ ወደ ፊልም ጥቅሉ ተመለሱ። በ6ኬ ስካን አድርገው በ4ኬ አደሱት (ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ምስሉ የሚይዘው ዝርዝር ይበዛል)። ደግሞም የሚወጣ ዝርዝር ሞልቶ ነበር። ፊልሙ የተቀረፀው ሱፐር ቴክኒራማ በተባለ የቀረፃ ዘዴ ነዋ! 35 ሚሊሜትሩ ፊልም በካሜራው ውስጥ ወደ ጎን ስለሚሄድ፣ እያንዳንዱ ፍሬም ከተለመደው እጥፍ ያህል ይሰፋል። የሮማ ሠራዊት ከሩቅ ተሰልፎ ሲመጣ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በይዘት ብዙም አይለያዩም። ተቆርጦ የነበረውና በ1991 እድሳት የተመለሰው የመታጠቢያ ቤት ትዕይንት በሁለቱም አለ። የትዕይንቱ ድምፅ ስለጠፋ፣ በሟቹ ተዋናይ ሎሬንስ ኦሊቪዬ ፈንታ የተናገረው ተዋናዩ አንቶኒ ሆፕኪንስ ነው።

የ2010ሩ በርካሽ ቢገኝም እኔ አልገዛውም።