የአማቴን የአያት አያት ላገኙልን እናት ምስጋና

ባል ወይም ሚስት አሜሪካዊ የሆናችሁ፣ ልጆቻችሁም የዘር ሐረግ ሥሩ እየተባሉ ከትምህርት ቤት የሚመጡባችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

በምንኖርበት ከተማ ባለው የፋሚሊሰርች (የዘር ሐረግ መፈለጊያ) ማዕከል በነጻ የሚያገለግሉ አንዲት አዛውንት አሉ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ብቻ ብተዋቸው ቅር ስለሚለኝ ነው የምጽፈው።

አማቴ የኦሃዮ ሰው ናቸው። ስለ አያታቸው አያት የሚያውቁት የባሏን ስምና ባሏ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መሞቱን ብቻ ነበር። እኛ ጋ ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ትጠራለች። እዚህ ግን ስታገባ የባሏን ስም ትይዛለች፣ ከዚያ የማን ልጅ እንደነበረች ማግኘት ጭንቅ ነው። እስከ 1840 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) በሕዝብ ቆጠራው በስሙ የሚጻፈው አባወራው ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጅ ቁጥር ናቸው። ነጻ ሰው (ባሪያ ያልሆነ) ሁሉ በስሙ የተጻፈው ከ1850 ጀምሮ ነው።

በፊት ከፍለን ያሠራነው ሰው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ሐረግ ገልብጦ አስረክቦን ነበር። አዛውንቷ አንዴ አይተው "ማስረጃው የታል?" አሉ። ለካ በዚያ ሐረግ ሴትዮዋ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው!

በ1860 ቆጠራ ከባሏ ጋር አለች፣ በ1870 የለችም። እኛ ሞታለች ብለን ደምድመናል። እሳቸው ግን "እሷን ተዉአት፣ ልጆቹን እንፈልግ" አሉና ልጆቹ ሌላ ሰው ቤት ተገኙ፣ እናትየውም እዚያው በአዲስ ባል ስም ተመዝግባ።

ከዚያ የጡረታ መዝገቧን ዋሽንግተን ካለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እንድናስመጣ ነገሩን። በ1862ቱ ሕግ የሞተ ተራ ወታደር ሚስት በወር 8 ዶላር ታገኝ ነበር፣ ግን ጋብቻዋንና የልጆቿን ልደት ማስረዳት አለባት፤ ሌላ ካገባች ደግሞ ይቋረጥና ከ16 ዓመት በታች ላሉት ልጆች ይዞራል። ለዚህ ነው መዝገቡ የወፈረው። የጋብቻ ወረቀቷ ቅጂ ከነአባቷ ስም አለ፣ ስትወልድ አጠገቧ የነበሩ ጎረቤቶች ቃል አለ። ፊርማዋ ጋ ጸሐፊው ስሟን ጽፎላታል፣ እሷ መሃሉ ላይ ጠመም ያለች ኤክስ አድርጋለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆች ማንበብና መጻፍ ያስተማሩት አማቴ ያቺን ኤክስ ደጋግመው አዩዋት።

የ1900 ቆጠራ እናቶችን ስንት ወለድሽ፣ ስንቱ በሕይወት አለ ብሎ ይጠይቃል። የእሷ መልስ፦ ዘጠኝ፣ አራት።

የወደድኩላቸው ደግሞ ያላገኙትን አለመቀባታቸው ነው። የ1890 ቆጠራ ከ1921 ቃጠሎ በኋላ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ያንን ክፍተት ባዶ ትተው ነው የሰጡን።

አገልግሎቱ ነጻ ነው። ማዕከሉ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ግን ስለ ሃይማኖት አንድም ቃል አልተነፈሱብንም። አካውንት ቀድማችሁ ክፈቱ፣ እሱም በነጻ ነው። ቤት ሆናችሁ አልከፈት የሚላችሁ ሰነድ ብዙ ጊዜ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል። ስምና የትውልድ ካውንቲ ይዛችሁ ሂዱ፣ የቆየ ደብዳቤ ካለም አትርሱ።

ስማቸውን ያልጻፍኩት ራሳቸው አይሆንም ስላሉኝ ነው። አድራሻውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።