ለሥራ መኪና ጂፒኤስ ስትገዙ ካርታውን አስከፍታችሁ እዩ

ከባሕር ዳር እየተነሳሁ ለጤና ጣቢያዎችና ለግል ክሊኒኮች የላቦራቶሪ ዕቃ አደርሳለሁ። አንድ ቀን ወረታና ደብረ ታቦር፣ ሌላ ቀን መራዊና ዳንግላ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከዱርቤቴ ወደ ቀኝ ተገንጥዬ እስከ ቁንዝላ። አስፋልቱን ማንም ሾፌር ያውቀዋል፤ ችግሩ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ከወጡ በኋላ ነው። የምጭነው ሪኤጀንት፣ ማለትም የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል፣ በረዶ ሳጥን ውስጥ ሆኖ የሚጓዝ ስለሆነ በየመታጠፊያው ቆሞ መጠየቅ ዕቃውን ያሞቃል። ስለዚህ መንገድ የሚመራ ጂፒኤስ ለእኔ እንደ ክሪክና እንደ መለዋወጫ ጎማ የሥራ ዕቃ ነው።

አሁን የምጠቀመው ያገለገለ ጋርሚን ኑቪ ነው፤ ስክሪኑ 5 ኢንች፣ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል። ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ ከዱባይ ከሚያመጣ ነጋዴ ነው የገዛሁት። ረክቼበታለሁ፤ ለሥራ ባልደረቦቼም እመክራለሁ። ዋጋውን የማልጽፈው ምንዛሪው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ነው፤ የእኔ ቁጥር እናንተን ያሳስታል እንጂ አይጠቅምም።

ገበያ ወጥታችሁ «ጂፒኤስ አለ?» ስትሉ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣላችሁ መከታተያው ነው። ሲም ካርድ ይገባበትና መኪናው የት እንዳለ ለባለንብረቱ በስልኩ ያሳያል፤ ሾፌሩን ግን መንገድ አይመራም። «ካርታ ያለው፣ መንገድ የሚመራ» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላው አማራጭ ክሩስኮቱ ላይ በድሮው ቴፕ ቦታ የሚገጠመው ባለ ስክሪን አንድሮይድ ቴፕ ነው። ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ የኋላ ካሜራም ይቀበላል። እኔ የተውኩት መኪናው የድርጅት ስለሆነ ነው፤ ዛሬ ሃይሉክስ ነገ ሌላ ሲሰጡኝ መሣሪያዬን ነቅዬ መሄድ አለብኝ። መኪናው የራሳችሁ ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው። ሲገጠም ግን አጠገቡ ቁሙ። ከጀርባው በቀጭን ገመድ የሚወጣውን የጂፒኤስ አንቴና አንዳንድ ገጣሚ ከክሩስኮቱ ሥር ብረት ጀርባ ይወሽቀዋል። አንቴናው ሰማይ ማየት አለበት፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይለጠፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእኛ አካባቢ አንዱን መሣሪያ ከሌላው የሚለየው የሚጫንበት ካርታ ነው። የስክሪን ስፋት፣ የብሉቱዝና የካሜራ ወሬ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አንድ ሱቅ ውስጥ ምርቱ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ባለ 7 ኢንች መሣሪያ አወጡልኝ። ሻጩ ልጅ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ሙሉ አፍሪካ አለው፤ የትም ብትሄድ አያሳፍርህም» አለኝ። «እስቲ ዓለም በርን ፈልግልኝ» አልኩት። የለም። «ወረታንስ?» ወረታ ወጣች፤ ሲያጎላት ግን አንዲት ነጥብና በመሃሏ የሚያልፍ አንድ መስመር ብቻ ናት። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው መንገድ ጭራሽ አልተሣለም። ያንን መገንጠያ የማያውቅ መሣሪያ ደቡብ ጎንደር ለሚመላለስ ሾፌር ምን ይሠራለታል? ልጁ አልዋሸኝም፤ «አፍሪካ» የሚል ፋይል በእርግጥ ውስጡ አለ። አገራችን ግን በዋና መንገዶቿ ብቻ ነው ያለችበት። አመስግኜው ወጣሁ።

ታዋቂ ስም ያለውም ቢሆን ለአውሮፓ ወይም ለዓረብ አገሮች ገበያ የተሠራ ከሆነ የዚያን አካባቢ ካርታ ይዞ ነው የሚመጣው። የቆዩ ጋርሚኖች ስም መጨረሻ ላይ «ኤልኤም» የሚሉ ፊደላት ካያችሁ ካርታው ዕድሜ ልክ በነፃ ይታደሳል ማለት ነው። የሚታደሰው ግን መጀመሪያ የተጫነው አካባቢ ነው፤ ጀርመን የተጫነበት ጀርመንን ያድሳል እንጂ ኢትዮጵያን አይጨምርም። ስለዚህ ሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ አለው ወይ የሚለው ከሁሉም በፊት የሚጠየቅ ነው። ማስገቢያ ካለው ካርታውን ራሳችሁ ትጭናላችሁ።

እኔ የጫንኩት የኦፕን ስትሪት ማፕን ካርታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 እንግሊዝ አገር የተጀመረ፣ ማንም ሰው መንገድ ሊጨምርበትና ሊያርመው የሚችል የዓለም ካርታ ነው። ይህንኑ ለጋርሚን እንዲስማማ አዘጋጅተው በነፃ የሚያወርዱላችሁ ድረ ገጾች አሉ። ኢትዮጵያን ብቻ መርጣችሁ ታወርዳላችሁ፣ ሚሞሪ ካርዱ ላይ «ጋርሚን» የሚል ፎልደር ከፍታችሁ ፋይሉን እዚያ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፣ ካርዱን ትከቱታላችሁ፤ አለቀ። ከዚያ መሣሪያው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የድሮውን ካርታ አጥፍታችሁ አዲሱን ብቻ አብሩት፤ ሁለቱ አብረው ከበሩ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል።

ካርታው ትኩስ መሆኑን የማውቅበት መፈተኛ አለኝ፤ ባሕር ዳር ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ነው። 380 ሜትር የሚረዝመው ይህ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ ካርታ አያውቀውም። በአሮጌ ካርታ ወደ ዓባይ ማዶ ስትሻገሩ የመኪናዋ ቀስት አስፋልቱን ትለቅና ሰማያዊው ውሃ ላይ ትወጣለች። መሣሪያው መንገዱን እንደገና ማስላት ይጀምራል፣ ዙሩና ወደ አሮጌው ድልድይ ሂዱ ይላል፣ እናንተ ግን ወንዙን አጋምሳችሁታል። ማዶ ደርሳችሁ የዘንዘልማን አቅጣጫ እስክትይዙ አይረጋጋም። በአዲሱ ካርታ ቀስቷ ከዳር እስከ ዳር መስመሯን ሳትለቅ ትሻገራለች። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁም ቢሆን ባሕር ዳርን አጉሉና ዓባይ ላይ ስንት ድልድይ እንደተሣለ እዩ።

በዚህ ካርታ ላይ ያላገኘኋቸውን ጤና ጣቢያዎች ደግሞ እኔው ራሴ እየጨመርኩ ነው። ደርሼ ዕቃ ሳራግፍ ነጥቡን እይዛለሁ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ካርታው ላይ ከነስሙ አስገባለሁ። የሌላ ድርጅት ሾፌርም፣ አምቡላንስ የሚነዳውም ያገኘዋል። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። እያንዳንዱ ሾፌር በየሚመላለስበት መስመር እንዲህ ቢያደርግ የጣና ዙሪያ በአጭር ጊዜ ይሞላ ነበር።

ኢንተርኔት ያስፈልገዋል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁ፦ አያስፈልገውም። ሳተላይቶቹ 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ይልካሉ፤ መሣሪያው ከአራቱ ከተቀበለ የቆመበትን ያሰላል። የሚቀበል ነው እንጂ የሚልከው ነገር የለም፤ ካርድም አይሞላለትም። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆይ ይህ ጥቅሙ ለብዙዎቻችን ግልጽ ሆኗል። ከሩቅ አገር ጠፍቶ የመጣ መሣሪያ ግን መጀመሪያ ሲከፈት ቶሎ አያገኝም። ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ የሚገልጸው መረጃ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ብቻውን 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ የብሎኬት ሕንፃ ውስጥ ከፍታችሁ «ሞቷል» አትበሉ። ነጋዴውን አስፈቅዳችሁ ወደ ደጅ አውጡት፣ ሰማይ በሚታይበት ቦታ አስቀምጡትና ታገሡት።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ቁጥር ሲገባ ነው። ደንበኞቼ በቴሌግራም ሎኬሽን ይልኩልኛል፤ ስልኩ የሚሰጠኝ ዲግሪ ከነነጥቡ ነው፤ ባሕር ዳር ለምሳሌ 11.59 ሰሜንና 37.39 ምሥራቅ አካባቢ ናት። መሣሪያው ግን አንዱን ዲግሪ ለ60 ደቂቃ ከፍሎ በዲግሪና በደቂቃ እንዲቀበል ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ያንኑ ቁጥር 11 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ፣ 37 ዲግሪ ከ39 ደቂቃ ብላችሁ ብታስገቡት ከባሕር ዳር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ፎገራ ውስጥ ወረታ አጠገብ ያደርሳችኋል። ቁጥሩ ትክክል ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም። በገዛችሁ ቀን አቀባበሉን ወደ ዲግሪ ከነነጥቡ ቀይሩት።

የርቀት ነገርም አለ። ጎርጎራን ስትፈልጉ ዝርዝሩ ላይ 70 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚል ታያላችሁ። ያ በጣና ላይ ቀጥ ብሎ የተለካ ነው። በመኪና በአዘዞ ዞሮ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለአለቃችሁ ሰዓት ከመናገራችሁ በፊት «ሂድ» የሚለውን ተጭናችሁ የመንገዱን ርቀት እዩ። ሴቲንጉ ውስጥ ደግሞ ጀልባ የሚለውን አስወግዱ፤ ካርታው ላይ የውሃ መስመር ካለ መኪናችሁን ጣና ላይ ሊያሳፍር ይሞክራል። የሚደርሱበትን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚያሳይ 2:40 ሲል 8 ሰዓት ከ40 ነው።

ክረምት ላይ አጭር መንገድ የሚለውን ምርጫ አትንኩት። ፎገራና ደንቢያ ላይ ያለው መረሬ አፈር በበጋ መኪና ያሳልፋል፤ ጉማራና ርብ በሞሉበት በነሐሴ ያው መንገድ ጎማ ይውጣል። መሣሪያው ወሩን አያውቅም፤ መስመር ካየ ይነዳችኋል። እኔ ከሰኔ እስከ መስከረም ፒስታ መንገድን አስወግድ የሚለውን አብርቼ አቆያለሁ፣ ወደ ገጠር ስገነጠል ብቻ አጠፋዋለሁ። መንገድ መዘጋቱንም አይነግራችሁም። ለዚያ ከአዲስ ዘመን ወይም ከእንፍራንዝ ለሚመጣ ሾፌር መደወልን የሚተካ ምንም የለም።

ስልክ አይበቃም ወይ ለሚለው፣ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚሠራ ይበቃል። ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን ጫኑ፤ ነፃ ነው፣ ያንኑ የኦፕን ስትሪት ማፕ ካርታ ይዟል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይመራል። ቀኑን ሙሉ ረጅም መንገድ ለሚነዳ ግን ስልክን መስታወት ላይ ለጥፎ መዋል አይመችም። በፀሐይ ይግላል፣ ሲግል ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ልክ መታጠፊያው ጋ ስትደርሱ ደንበኛ ይደውልና ካርታውን ይሸፍነዋል። መሣሪያው አንድ ሥራ ብቻ ስላለው ያንን አያደርግም። አማርኛ አለመናገሩ ቅር ይለኛል። የቦታ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚፈለግም በአንዱ አጻጻፍ ያጣችሁትን በሌላው ሞክሩት። የምትመላለሱበትን ቦታ አንዴ ካገኛችሁ በራሳችሁ ስም አስቀምጡት፣ ድጋሚ ፍለጋ አይኖርም።

አይሱዙ ለምትነዱ፣ መኪናችሁ 24 ቮልት ስለሆነ የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው አስማሚ «12–24» የሚል ጽሑፍ እንዳለው አረጋግጡ። ያገለገለ ስትገዙ የራሱን የመኪና ገመድ ሳትቀበሉ ገንዘብ አትክፈሉ። የቆዩ ኑቪዎች በተራ የዩኤስቢ ገመድ ሲሰኩ ከኮምፒውተር ጋር የተገናኙ ይመስላቸውና ካርታውን ትተው የኮምፒውተር ምስል አውጥተው ይቆማሉ፤ የውስጥ ባትሪያቸው ደግሞ ስላረጀ ያለ ገመድ ሐሙሲትም አያደርሱ።