ባለ ሞተሩ ቁርጭምጭሚት፦ የሦስት ሳምንት ሙከራ

ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ወዲህ የምራመደው ከካርቦን ፋይበር በተሠራ ሰው ሠራሽ እግር ነው። ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ አላማውም። በቅርቡ ግን እዚህ ሜሪላንድ በምታከምበት ማእከል አማካይነት ባለ ሞተር ቁርጭምጭሚት ለሦስት ሳምንታት የመሞከር ዕድል ስላገኘሁ፣ ይግዙ አይግዙ ብለው ለሚያመነቱ ወገኖቼ ያየሁትን መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ጤነኛ ሰው ሲራመድ ተረከዙን አሳርፎ ክብደቱን ወደ ጣቶቹ ያሻግራል፤ እግሩ ከመሬት ሊነሣ ሲልም የባቱ ጡንቻ ሰውነቱን ወደ ፊት ይገፋዋል። የካርቦን እግር እንደ ደጋን ታጥፎ ሲመለስ ከተቀበለው ኃይል ከፊሉን ይመልሳል እንጂ ከራሱ የሚጨምረው የለውም። የጎደለውን የሚሞሉት ዳሌ፣ ወገብና ደህነኛው እግር ናቸውና፣ ዓመታት ሲያልፉ ብዙዎቻችንን ያልተቆረጠው እግራችን ጉልበት የሚያመን በከንቱ አይደለም። ባለ ሞተሩ ቁርጭምጭሚት ግን እርምጃውን በሴንሰሮች እየለካ፣ ጣቶች መሬት በሚለቁባት ቅጽበት በባትሪ ኃይል ይገፋል።

ይህን ሐሳብ ለገበያ ያበቃው በ1982 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን በተባለው የኒው ሃምፕሸር ተራራ ላይ በበረዶ ተይዞ ሁለቱንም እግሮቹን ያጣው፣ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ሂዩ ሄር ነው። በ2006 የመሠረተው ኩባንያ ባዮም የተባለውን ቁርጭምጭሚት ሠራ፤ በ2017 ደግሞ የጀርመኑ የሰው ሠራሽ አካል አምራች ኦቶቦክ ኩባንያውን ገዛው።

በመጀመሪያው ቀን ባለሙያዋ የግፊቱን መጠንና ሰዓት በታብሌት እያስተካከለች ኮሪደሩን ደጋግሜ እንድመላለስ አደረገችኝ። ግፊቱ ጥቂት ቀድሞ ሲመጣ ጉልበቴን ከኋላ የመቱኝ ያህል ተሰማኝ፤ ሲዘገይ ደግሞ አልጠቀመኝም። ልኩን ባገኘን ጊዜ ግን እግሬን ጎትቼ ሳይሆን እግሬ ገፍቶኝ ሄድኩ። ከቤቴ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ያለውን ዳገት ሳልቆም ወጣሁት፤ ከጎኔ የነበረችው ባለቤቴ «ቀስ በል እንጂ» ያለችኝንም አልረሳውም።

ጥናቶቹ የሚሉት ከዚህ ልምዴ ጋር ይገጥማል። በ2012 ሄርና ባልደረባው በ7 ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ባለ ሞተሩ እግር ለመራመድ የሚጠፋውን ጉልበት በአማካይ በ8 በመቶ ሲቀንስ፣ ሰዎቹ ወደው የሚሄዱበትን ፍጥነት በ23 በመቶ ጨምሯል። በ2018 ግን እንደ ማንኛውም ታካሚ በክሊኒክ የተስተካከለላቸው 10 ሰዎች ሲፈተኑ፣ በጉልበት ፍጆታ ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ የምትገዙትን ማሽን ብቻ ሳይሆን የሚያስተካክልላችሁን ሰው ጭምር መርምሩ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ።

እሑድ ዕለት ግን ሌላ ነገር ተማርኩ። ሰው ሠራሽ እግር የሚስተካከለው በጫማው ተረከዝ ከፍታ ልክ ነውና፣ ቤተ ክርስቲያን ጫማዬን ሳወልቅ እንደ ካርቦኑ ሁሉ ይህም ወደ ኋላ ጣለኝ። ቅዳሴው እስኪያልቅ በቆምኩባቸው ሰዓታት ሞተሩ የሚሠራው ሥራ አልነበረውም፤ ክብደቱ ብቻ ቀረ። እግሩ ከካርቦኑ በእጅጉ ስለሚከብድ፣ ሶኬቱ (የተቆረጠው እግር የሚገባበት ማቀፊያ) ጥቂት እንኳ ከላላ እያንዳንዱ እርምጃ ቆዳን ይጎትታል። ባትሪውን ማታ ማታ መሙላትና ከውኃ መጠበቅም ግድ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ይሰማል፤ እኔ ግን ቶሎ ለመድኩት።

ዋጋው በግለሰብ አቅም የሚሞከር አይደለም። የእኔ ኢንሹራንስ ለሕክምና አስፈላጊ አይደለም ብሎ ጥያቄዬን መልሶታል፤ ዳገቱን ስወጣ ቢያዩኝ ይህን አይሉም ነበር ብዬ አምናለሁና ይግባኝ ጠይቄአለሁ።

በጦርነቱ እግሩን ያጣው የአክስቴ ልጅ ይህን ሰምቶ ለእሱም እንድልክለት ጠየቀኝ። እሱ የሚጠቀመው በአገራችን ማእከላት በሰፊው የሚሠራበትን፣ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ያስፋፋውን ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ እግር ነው፤ ሲሰበር እዚያው ይጠገናል፤ በጭቃም ይሄዳል። በስልክ ሳነጋግረው ሶኬቱ ከሰፋው እንደቆየና ቆዳውን እንዳቆሰለው ነገረኝ። ቁስል ላይ ከባድ ሞተር ማንጠልጠል ስቃይ መጨመር ስለሆነ፣ ማእከሉ ድረስ ሄዶ ሶኬቱን እንዲያስለውጥ የመጓጓዣና የማረፊያ ገንዘብ ላኩለት።