ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 ወይስ ኮር አይ5-12400፦ ለቢሮና ለስቱዲዮ የቱ ይሻላል?

ለሥራ የሚሆን ኮምፒውተር ለመግዛት አዲስ አበባ ውስጥ የሚዞር ሰው፣ በተቀራራቢ ገንዘብ ሁለት በጣም የተለያዩ ማሽኖች ይቀርቡለታል። አንደኛው እንደ ኤችፒ ዜድ440 ባለ ያገለገለ ወርክስቴሽን ውስጥ የተገጠመው የኢንቴል ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 የሰርቨር ፕሮሰሰር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአዲስ ማዘርቦርድ ጋር የሚገጣጠመው ኮር አይ5-12400 የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ነው። እኔ ለቢሮዎች፣ ለአርክቴክቶችና ለቪዲዮ አዘጋጆች ማሽን በማዘጋጀት የምተዳደር በመሆኔ ሁለቱንም በቅርበት አውቃቸዋለሁ። ፍርዴን ከመጀመሪያው ለማስቀመጥ ያህል፣ አንድ ሰው ፊቱ ተቀምጦ ለሚሠራበት ማሽን አይ5ን እመርጣለሁ፤ ዚዮኑን የምመርጠው ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ለሚሸከም፣ ከፍተኛ ራም ለሚጠይቅና ማንም ፊቱ ቆሞ ለማይጠብቀው ማሽን ነው።

ዚዮኑ እንዲህ በርካሽ የሚገኝበት ምክንያት መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱን የማያውቅ ገዢ ወይ ያለ አግባብ ይፈራዋል፣ ወይ ያለ አግባብ ይጓጓለታል። ይህ ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ኢንቴል ያወጣለት ዋጋ 1,745 ዶላር ነበር። አይ5-12400 በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ የተተመነለት ግን 192 ዶላር ነው። የዳታ ማዕከላት ሰርቨሮቻቸውን ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላ በብዛት ስለሚቀይሩ፣ የተነሱት ፕሮሰሰሮች ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ይጎርፋሉ፤ ዋጋቸውም ከመጀመሪያው እጅግ ትንሽ ክፍልፋይ ይሆናል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የአዲስ ዕቃ ዋጋ ስለናረ፣ ብዙ ሰው ዓይኑን ወደነዚህ ማሽኖች ማዞሩ የሚያስገርም አይደለም። ፕሮሰሰሩ ራሱ አገልግሎት በዝቶበት የሚደክም ዕቃ ስላልሆነ፣ ያገለገለ መሆኑ ብቻውን ሊያስፈራ አይገባም። ነገር ግን ያ 1,745 ዶላር የተከፈለው ለብዙ ተጠቃሚዎች ሌት ተቀን ሳያቋርጡ ለማገልገል ነው፤ ለአንድ ሰው ቶሎ ለመድረስ ተብሎ አልተሠራም። ሻጮች የቀድሞውን ዋጋ ጠቅሰው “ይህን የሚያህል ፕሮሰሰር ነው” ሲሉ የሚያድበሰብሱት ይህንኑ ነው።

በወረቀት ላይ ያለውን ልዩነት እንመልከት። ዚዮኑ 14 ኮር (ለየብቻቸው ሥራ የሚሠሩ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች)፣ 28 ትሬድ (ኮሮቹ በአንድ ጊዜ የሚይዟቸው የሥራ መስመሮች) እና 35 ሜጋባይት ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማስታወሻ) አለው፤ መነሻ ፍጥነቱ 2.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ ሥራው በአንድ ወይም በሁለት ኮር ላይ ብቻ ሲሆን እስከ 3.3 ይደርሳል፤ ኮሮቹ በሙሉ ሲጫኑ ደግሞ ወደ 2.9 ይወርዳል። አይ5 ያሉት 6 ኮርና 12 ትሬድ፣ 18 ሜጋባይት ካሽ ሲሆኑ፣ ፍጥነቱ ግን እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይወጣል። ከዚህም በላይ በሁለቱ መካከል የስድስት ዓመት የንድፍ ለውጥ ስላለ፣ የአይ5 አንድ ኮር በእኩል ጊጋኸርዝ ላይ እንኳ የበለጠ ሥራ ይሠራል። የሁለቱ ድምር ውጤት በአንድ ኮር በሚሠራ ሥራ አይ5 የዚዮኑን እጥፍ ያህል እንዲፈጥን፣ ሁሉም ኮሮች በሚሳተፉበት ሥራ ደግሞ 6 ኮር ያለው 14 ኮር ካለው ጋር ተቀራራቢ እንዲሆን ማድረጉ ነው። የኮሩን ብዛት በጊጋኸርዙ አባዝቶ “33 ጊጋኸርዝ” ብሎ የሚያስተዋውቅ ሻጭ ካጋጠመ፣ ያ ቁጥር ምንም ትርጉም እንደሌለው በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ጉዳዩን ከቁጥር ይልቅ በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ቀላል ፈተና አለለት። ዚዮን በተገጠመበት ማሽን ላይ ታስክ ማናጀርን ይክፈትና የፕሮሰሰሩ ግራፍ እያንዳንዱን ትሬድ ለብቻው እንዲያሳይ ያድርገው፤ 28 ትንንሽ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ከዚያ በኦቶካድ ከባድ የሕንፃ ፕላን ይክፈት፣ ወይም ሰፊ ቦታ ላይ ሀች (የመስመር ሙሌት) ይሙላ። ሰውየው እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ እየጠበቀ ሳለ፣ ከሳጥኖቹ መካከል አንዷ ወይም ሁለቷ ከፍ ዝቅ ሲሉ ሌሎቹ መሬት ላይ ተኝተው ይታያሉ፤ ጠቅላላ አጠቃቀሙም ከአምስት በመቶ ብዙም አይርቅም። ማሽኑ ከመቶ አምስት ያህል ብቻ እየሠራ ባለሙያው ግን ሙሉ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ኦቶካድ አብዛኛውን ሥራውን በአንድ ኮር ስለሚያከናውን የቀሩት 13 ኮሮች ሊያግዙት አይችሉም። በየሒሳብ ክፍሉ ያለው ፒችትሪም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ኮር የመጠቀም ልማድ ከመምጣቱ በፊት የተጻፈ ፕሮግራም በመሆኑ ሪፖርት ሲያወጣ የሚያፈጥነው የአንዱ ኮር ጉልበትና ጥሩ ኤስኤስዲ ነው። ኤክሴል፣ ፎቶሾፕ፣ ብሮውዘር፣ ባጠቃላይ ሰው በእጁ እየነካ የሚሠራባቸው አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ከዚህ ሰፈር አይርቁም።

ለቪዲዮ አዘጋጆች ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። አሁን ያሉት ካሜራዎች፣ በተለይ ለሠርግና ለማስታወቂያ የሚያገለግሉት፣ በኤች.265 ባለ 10 ቢት 4፡2፡2 (ብዙ የቀለም ዝርዝር ይዞ ፋይሉን አጥብቆ በሚጨምቅ የቪዲዮ ዓይነት) ይቀርጻሉ። ይህ ፋይል በፕሪሚየር ፕሮ ታይምላይን ላይ ሳይንቀጠቀጥ እንዲሄድ የተጨመቀውን ለመፍታት የተዘጋጀ ሃርድዌር ያስፈልገዋል። አይ5-12400 አብሮት ያለው ዩኤችዲ 730 ግራፊክስ ኩዊክ ሲንክ በተባለው ክፍሉ ይህን ይፈታል። ዚዮኑ ግን የራሱ ግራፊክስ ጨርሶ የለውም፤ ግራፊክስ ካርድ ካልተገዛለት ስክሪን ላይ ምስል እንኳ አያወጣም፤ ካርድ ቢገዛለትም ከአርቲኤክስ 50 ተከታታይ በፊት የወጡ የኤንቪዲያ ካርዶች ይህን የፋይል ዓይነት በሃርድዌር አይፈቱትም። ስለዚህ በዚዮን ላይ የሚሠራ አዘጋጅ መጀመሪያ ሁሉንም ፋይል ወደ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለማዘጋጀት ወደሚቀል ጊዜያዊ ቅጂ፣ ለመቀየር ይገደዳል፤ ይህም ደንበኛ ለሚያስቸኩለው ስቱዲዮ ትልቅ ሸክም ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ አይ5-12400ኤፍ ተብሎ መጨረሻው ላይ “ኤፍ” የተጨመረበት ፕሮሰሰር ግራፊክስ የሌለው ነው። በዋጋ ስለሚቀንስ ብዙዎች ይመርጡታል፤ ለቪዲዮ ሥራ ግን ዋናውን ጥቅም አሳጥቶ የሚመጣ ቅናሽ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም ዚዮኑን አልንቀውም፤ በቦታው ሲውል አይ5 ሊተካው የማይችልበት ሥራ አለ። የኔትወርክ ሥልጠና የሚከታተል ተማሪ ኔትወርክን በኮምፒውተር ውስጥ በሚያስመስለው ኢቪኢ-ኤንጂ ላይ ደርዘን ራውተርና ስዊች በአንድ ጊዜ ሲያስነሳ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ራምና የኮር ድርሻ ይፈልጋል፤ የኮሩ ፍጥነት ብዙም ሳያሳስብ 14 ኮርና 128 ጊጋባይት ራም እውነተኛ ዋጋቸው የሚታየው ያኔ ነው። ቨርችዋል ማሽኖችን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ብዙ ኮምፒውተር የሚሠሩትን) በፕሮክስሞክስ ፕሮግራም የሚያስተዳድር ቢሮ፣ የሙከራ ዳታቤዝ የሚያንቀሳቅስ የሶፍትዌር ቡድን፣ ሌሊቱን በቪሬይ ወይም በብሌንደር በፕሮሰሰር ሬንደር የሚያደርግ (ከ3ዲ ሞዴል ምስል የሚያወጣ) ስቱዲዮም ከዚህ የሚመደቡ ናቸው። ዚዮኑ ለካርዶችና ለፈጣን ዲስኮች 40 የፒሲአይ ሌን (የመረጃ መተላለፊያ መስመር) ሲሰጥ አይ5 የሚሰጠው 20 ነው፤ ብዙ ዲስክ ለሚደረደርበት ማሽን ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። ከሁሉ በላይ የማከብርለት ኢሲሲ ራምን መቀበሉን ነው። ኢሲሲ በራም ውስጥ በድንገት የተገለበጠችን አንዲት ቢት አግኝቶ ያርማል፤ ለወራት ሳይዘጋ የድርጅት መረጃ ለሚይዝ ማሽን ይህ ቅንጦት አይባልም። አይ5 በተለመዱት የዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች ላይ ይህ ጥበቃ የለውም።

የራም ነገር ከተነሳ ብዙ ሰው የሚከስርበት እዚህ ላይ ነው። በሰርቨር ማሽኖች ላይ የሚሠራው ሬጂስተርድ ዲዲአር4 የተባለ የራም ዓይነት በመልኩ ከዴስክቶፑ ዲዲአር4 ጋር ይመሳሰላል፤ ስሎቱ ውስጥም ይገባል፤ ነገር ግን ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ በእሱ አይነሳም። ዜድ440ም በተራው የዴስክቶፑን ራም አይቀበልም። ያገለገለ የሰርቨር ራም ርካሽ ነው ተብሎ ለአይ5 ተገዝቶ የመጣ ራም ከአንድ ጊዜ በላይ ተመላሽ ሲሆን አይቻለሁ፤ ሻጩም መልሶ ለመቀበል እሺ አይልም።

የሞዴል ስሙም ሌላ ወጥመድ ነው። 2680 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ትውልዱን የሚያሳየው ከኋላው ያለው ቪ ነው። የመጀመሪያው ኢ5-2680 8 ኮር፣ ቪ2 10 ኮር፣ ቪ3 12 ኮር፣ ቪ4 14 ኮር ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዲዲአር3 የሚሠሩ፣ በሌላ ሶኬት የሚገጠሙ፣ አንዳንድ አዳዲስ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት ኤቪኤክስ2 የተባለ የትእዛዝ ስብስብ የሌላቸው ናቸው። በቴሌግራም የሚለጠፉ ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ “ዚዮን 2680” ብለው ቪውን ይተዉታል፤ ቪውን ሳይጠይቁ ቀብድ መክፈል አይገባም። ፕሮሰሰሩ ከማሽን ውጭ ለብቻው የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያለውን የብረት ክዳን በጥሩ ብርሃን ማንበብ ይጠቅማል፤ በትክክለኛው ኢ5-2680 ቪ4 ላይ ከሞዴሉ ስም ጋር ኤስ-አር-2-ኤን-7 የሚል መለያ ተቀርጾ ይገኛል። በሞዴሉ ስም ፋንታ ኢንቴል ኮንፊደንሻል የሚል ጽሑፍ ከተገኘ ለሙከራ የተሠራ ናሙና ነው፤ ፍጥነቱም ከገበያው ምርት ሊያንስ ይችላል፣ አንዳንድ ማዘርቦርድም አያውቀውም። ባጠቃላይ “ዚዮን” የሚለው ስም ራሱ እጅግ የተለያዩ ፕሮሰሰሮችን ይሸፍናል፤ ለምሳሌ ዚዮን ኢ3-1245 ቪ5 በባሕርይው ለዘመኑ ኮር አይ7-6700 በጣም የቀረበ ባለ 4 ኮር ነው። ስሙን ሰምቶ ሰርቨር ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ስለ መብራት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዚዮኑ የተነደፈው ለ120 ዋት ሙቀት ነው፤ አይ5 በመደበኛው 65 ዋት ሆኖ ለአጭር ጊዜ ሲገፋ እስከ 117 ይወጣል። ዋናው ልዩነት የሚታየው ግን ማሽኑ ብዙ ሳይሠራ በሚቆይባቸው ሰዓታት ነው፤ ዚዮኑ ከግራፊክስ ካርዱና ከራሞቹ ጋር ሆኖ ያኔም የሚበላው ስለሚበልጥ፣ በየቀኑ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያው ዩፒኤስ ለዚዮኑ አጠር ያለ ጊዜ ይሰጠዋል።

የዊንዶውስ ጉዳይ ግን ሊታለፍ አይገባም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢ5 ቪ4ን ከሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። ማጣሪያውን አልፎ መጫን ይቻላል፤ ሆኖም የደንበኞችን ሒሳብ ለሚይዝ ቢሮ እንዲህ ያለ አጫጫን ልመክር አልችልም። ሊኑክስ ለሚጫንበት ማሽን ይህ ሐሳብ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ዚዮኑም ለእኔ በዋናነት የሊኑክስ ማሽን ነው።

አምስት ባለሙያዎች ያሉትን አንድ የአርክቴክቸር ቢሮ ብናስብ፣ እኔ የማደርገው ለአምስቱም ጠረጴዛ አይ5-12400 ከ32 ጊጋባይት ራም ጋር መግጠምና፣ አንድ ዜድ440 በተለየ ክፍል አስቀምጦ ፋይል እንዲይዝና ሌሊት ሬንደር እንዲያደርግ መመደብ ነው። ገንዘቡ ለአንድ ማሽን ብቻ ከበቃ አይ5ን እገዛለሁ፤ ራሙን ቀስ በቀስ መጨመር ይቻላል፣ የአንድን ኮር ፍጥነት ግን በኋላ መጨመር አይቻልም።

ዜድ440 ለመግዛት የወሰነ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገሮችን በቦታው ማየት ይኖርበታል። ቪ4 እንዲቀበል ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) መታደሱን ያረጋግጥ። የፓወር ሳፕላዩ መሰኪያ ኤችፒ ለራሱ ያዘጋጀው ስለሆነ፣ ቢበላሽ የተለመደው ፓወር ሳፕላይ በቀጥታ እንደማይገጥምለት አውቆ ይግዛ። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የራሞቹ አሰካክ ነው። ዚዮኑ ራሙን የሚያነበው በአራት ቻናል (የራም መስመር) በመሆኑ፣ በዲዲአር4-2400 በሰከንድ 76.8 ጊጋባይት ያስተናግዳል፤ ይህም አይ5 በሁለት ቻናል ከአዲሱ ዲዲአር5-4800 ጋር ከሚያስተናግደው ጋር እኩል ነው። ሻጮች ግን አንድ ባለ 32 ጊጋባይት ራም ብቻ ሰክተው ያስረክባሉ፤ ያኔ ከአራቱ ቻናል ሦስቱ ባዶ ሆነው ፕሮሰሰሩ ከዚያ ፍጥነት ሩቡን ብቻ ያገኛል። ሲፒዩ-ዜድ የተባለውን የፕሮሰሰርና የራም መረጃ ማሳያ ፕሮግራም ከፍቶ ሜሞሪ በሚለው ገጽ ላይ ኳድ የሚል ካልተጻፈ፣ በአንዱ ባለ 32 ፋንታ አራት ባለ 8 እንዲሰኩለት ይጠይቅ።