ለልጄ እጆቹን የመለሰለት የጆሮ መሸፈኛ

ባትሪ የለውም። አይበራም፣ ሙዚቃ አያጫውትም፣ ከስልክ ጋር አይገናኝም። ሁለት ክብ የፕላስቲክ ሽፋኖች፣ ውስጣቸው ስፖንጅ፣ ከላይ ሁለቱን የሚያያይዝ ቅስት። በቃ ይኸው ነው። ግንባታ ቦታ ወይም ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞች ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉትን አይታችሁ ከሆነ ዕቃው ያው ነው። የእኛው በልጅ ልክ የተሠራ ሰማያዊ ነው።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ የሚነግረኝ ነገር ግን ብዙ ነው። ይህን የጆሮ መሸፈኛ ከዓመት በላይ በቤትም በውጭም ተጠቅሞበታል። ጥሩ ጎኑንም ጉድለቱንም በደንብ ስላየሁ፣ ለመግዛት ለምታስቡ ወላጆች የማውቀውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንዳስፈለገን ልንገራችሁ። «ልጁ ጫጫታ አይወድም» ሲባል ብዙ ሰው ቅብጠት ይመስለዋል። ልጄን ግን ድምፅ ያመዋል። የጭማቂ መፍጫው ሲነሳ፣ አጠገባችን ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሞተር ሳይክል ድንገት ሲያልፍ ፊቱ ይለዋወጣል። ሁለት እጆቹን ጆሮው ላይ ጭኖ፣ ክርኖቹን ወደ ፊት ሰብስቦ ይቀመጣል። ድምፁ ካለፈም በኋላ ይመለስ ይሆናል ብሎ ስለሚሰጋ እጁን ቶሎ አያወርድም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ሁለቱም እጆቹ ጆሮው ላይ ከሆኑ ለሌላ ነገር የሚተርፍ እጅ የለውም። አይስልም። ኩቦቹን አይደረድርም። ደረጃ ስንወርድ እጄን አይይዝም። ሰው በበዛበት ቦታ ሁሉ እጆቹ የጆሮው ዘበኛ ሆነው ይውሉ ነበር።

ነገሩ የልጄ ብቻ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። የሕፃናት የሥነ አእምሮ ሐኪም የነበረው ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ኦቲዝም ባሳተመው ታዋቂ ጥናት ልጆቹን ከሚያስደነግጧቸው ነገሮች መካከል የቤት መጥረጊያ ማሽንን፣ እንቁላል መምቻን፣ ነፋስን እንኳ ጠቅሷል። ሆኖም ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለንክኪ ከልክ በላይ ወይም ከልክ በታች ምላሽ መስጠት በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ ከኦቲዝም መለያ ምልክቶች አንዱ ሆኖ በግልጽ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2013፣ በአምስተኛው እትም ነው። 70 ዓመት! በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስንት እናት «ልጅሽን አሞላቀቅሽው» ተብላ ይሆን?

አሁን ወደ ዕቃው። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው የዴሲቤል ቁጥር ብዙ ወላጅ ግራ ሲያጋባ አይቻለሁ። ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው፤ እንደ ኪሎ ግን አይደመርም፣ አይቀነስም። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ለጆሯችን ድምፁ በግማሽ ያህል የቀነሰ ይመስለዋል፤ 20 ሲቀንስ ወደ ሩብ ይጠጋል። የሰው ተራ ንግግር 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። የቤት መጥረጊያ ማሽን ብዙውን ጊዜ ከ70 በላይ ነው። ስለዚህ 20 ዴሲቤል የሚቀንስ መሸፈኛ ማሽኑን ወደ ንግግር ድምፅ ያወርደዋል እንጂ ጸጥ አያሰኘውም። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በልኩ ተገጥሞ የተለካ ነው። ፀጉር መሃል ሲገባበት፣ ልጁም ሲሮጥና ሲዘል ያን ያህል አትጠብቁ።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። እነዚህ መሸፈኛዎች መጀመሪያ የታሰቡት መስማትን ከሚጎዳ ድምፅ ለመከላከል ነው። ለአዋቂ ሠራተኛ በስፋት የሚጠቀሰው ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ልጄን የሚያሠቃየው ድምፅ ግን አብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ጆሮውን አይጎዳውም፤ እሱን ግን ያመዋል። ስለዚህ ለእኛ ትልቁን ቁጥር ማሳደድ ትርጉም የለውም። መካከለኛው በቂ ነው፤ እንዲያውም ይሻላል፤ ስጠራው ይሰማኛልና።

በባትሪ እየሠራ የውጭውን ድምፅ የሚያጠፋውን ዓይነት ሄድፎንም አስበንበት ነበር። እሱ ጎበዝ የሆነው እንደ አውሮፕላን ሞተር ባለ ወፍራምና በማይቋረጥ ድምፅ ላይ ነው። ድንገተኛ ጩኸትና ቀጭን ድምፅ ላይ ያን ያህል አይደለም። ልጄን የሚያስደነግጠው ደግሞ ድንገተኛው ነው። በዚያ ላይ ባትሪው መንገድ ላይ ካለቀ ምን ልናደርግ ነው? ተራው ተመረጠ።

አለማመዳችን ቀላል ነበር። የልጄ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (የዕለት ተዕለት ተግባሮችን እንዲለማመድ የምትረዳው ባለሙያ) እንደመከረችን ጭንቅላቱ ላይ አልጫንበትም። ጸጥ ባለ ሰዓት አሻንጉሊቶቹ መሃል አስቀመጥነው። እህቱ አድርጋው ተጫወተች። አባቱም ለበሰው፤ ቅስቱ እስከ መጨረሻ ተስቦም አልበቃውም። ልጄ መጀመሪያ ለድቡ አደረገለት። ቀስ ብሎ ለራሱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ይህን ግምገማ ያስጻፈኝ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቤት መጥረጊያ ማሽኑን ስጎትት መሸፈኛውን አድርጎ ወደ እኔ መጣ። ሳሎን ውስጥ ማሽኑ ሲነሳ ወደ ጓዳ ይሸሽ የነበረ ልጅ ነው። እጀታውን ያዘ። እኔም ለቀቅኩለት። ምንጣፉ ላይ ማሽኑ ያለፈበት መስመር ይቀራል፣ ታውቁታላችሁ? አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ፈካ ያለ። መስመር የሚወድ ልጅ ነው። ከዳር እስከ ዳር እኩል አድርጎ አሠመረውና ወንበር ላይ ወጥቶ ከላይ ተመለከተው። አሁን ያ ምንጣፍ የእሱ ነው። እንግዳ ሲመጣም መስመሩን ሳይረግጥ ዳር ዳሩን እንዲያልፍ በጣቱ ያሳያል።

ከቤት ውጭ መጸዳጃ ቤት መግባት አንዱ ፈተናችን ነበር። ምክንያቱ ያ እጅ ማድረቂያ ማሽን ነው፤ ሰው እጁን ሲያስጠጋ ሳይታሰብ ይጮኻል። ጆሮውን የያዘ ልጅ እጁን እንዴት ይታጠባል? እኔ ነበርኩ በእርጥብ መሐረብ የምጠርግለት። አሁን በር ላይ ቆመን መሸፈኛውን ያደርጋል፣ ይገባል፣ ሳሙናውን አረፋ እስኪሞላ ያሻል። አረፋውን ወደ እኔ እፍ ይላል። ሌላው ሰው እጁን ታጥቦ ይወጣል፤ እኛ እዚያ መታጠቢያ አጠገብ ቆመን እየተሳሳቅን እንቆያለን።

የአባቱ ሳቅም ተመልሷል። ባለቤቴ ሲስቅ ከሆዱ ነው፣ ቤቱን ይሞላዋል። ልጃችን ስለሚደነግጥ ለዓመታት አፉን በእጁ አፍኖ ነበር የሚስቀው። አሁን የሚያስቅ ነገር ሊጀምር ሲል ለልጁ በምልክት ይነግረዋል፤ ልጁም መሸፈኛውን አድርጎ ይጠብቃል። ሳቁ ሲመጣ ሆዱ ላይ እጁን ያሳርፋል። ንቅንቅታውን ይወደዋል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የእህቱ ልደት ነው። በየዓመቱ መዝሙሩ ሲጀመር እኔና እሱ ሌላ ክፍል ነበርን። በግድግዳ በኩል ነበር የሴት ልጄን ልደት የምሰማው። ይህ አንዱን ልጅ ይዤ ሌላውን የምተውበት ሰዓት ነበርና ያመኝ ነበር። ዘንድሮ መሸፈኛውን አድርጎ አጠገቧ ቆመ። ሰው ሁሉ ዘመረ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ የግራውን ሽፋን በጣቱ ትንሽ ከፍ አደረገ። አዳመጠ። መለሰው። ሻማው ሲጠፋ ሁሉም አጨበጨበ፤ እሱም አጨበጨበ። ልጄ ሰው ሲያጨበጭብ ጆሮውን የሚይዝ እንጂ የሚያጨበጭብ አልነበረም። እህቱ ሻማውንም ስጦታውንም ትታ ወደ እኔ ዞረች፤ «እማ፣ አየሽው? አጨበጨበልኝ እኮ!»

አይቼዋለሁ። እስካሁንም እያየሁት ነው።

ያ ሽፋኑን ከፍ ማድረጉ ለእኔ የዕቃው ትልቁ ጥቅም ነው። ምን ያህል ድምፅ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። በርካታ ነገር በሌሎች የሚወሰንለት ልጅ ነው፤ የሚለብሰው፣ የሚሄድበት፣ የቴራፒ ሰዓቱ። ይህን ግን በራሱ ጣት ያዝዛል።

አሁን ጉድለቱን ልናገር። ይሞቃል። ስፖንጁ በፕላስቲክ የተሸፈነ ስለሆነ በሙቀት ጊዜ ጆሮው ዙሪያ ያልበዋል፤ በየጊዜው አውልቆ ማናፈስና በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ስፖንጁ ሲያረጅ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ ያስገባል። ስትገዙ ስፖንጁ ለብቻው የሚቀየር መሆኑን ጠይቁ። የእኛው ይቀየራል፤ ጥሩ ነው። የቅስቱ መሳቢያ ግን ደካማ ነው። አንደኛው ጎን ላልቶ እየተንሸራተተ ስላስቸገረን በፕላስተር አስረነዋል። ለሻጩ ብናመለክትም መልስ አላገኘንም።

መነጽር ለሚያደርግ ልጅ የመነጽሩ ዘንግ ስፖንጁን ከፍ ስለሚያደርገው ድምፅ ይሾልካል። አጥብቆ የሚይዝ ቅስት ደግሞ ጭንቅላት ያሳምማል፤ ልጁ ቶሎ ቶሎ የሚያወልቀው ከሆነ ድምፁ ሳይሆን ጥበቱ ሊሆን ይችላል።

ፀጉር መቁረጥ ላይ ብዙ አልረዳንም። ማሽኑ የራስ ቅሉን ስለሚነካ ንዝረቱ በአጥንት በኩል ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህን ደግሞ መሸፈኛው አያስቆመውም። ጆሮ አካባቢ ለመቁረጥም መውለቅ አለበት። ወደ መቀስ ተመልሰናል፣ በመቀስ ደግሞ ጸጥታው ራሱ በቂ ነው።

ዋናው ጥንቃቄ ይኸውላችሁ። ቀኑን ሙሉ አይደረግም። ጆሮ ለረጅም ጊዜ ከድምፅ ሲሸሸግ ተራው ድምፅ ጭምር እየከበደው ሊሄድ ይችላል፤ የመስማት ባለሙያዎች ይህን ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። እኛ ቤት መሸፈኛው ለሚያስቸግር ሰዓት ብቻ ነው፤ ጸጥ ሲል አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል ወይም ቦርሳ ውስጥ ይገባል። መንገድ ስትሻገሩም አስቡ፣ መኪና አይሰማውም። እኔ አስፋልት ዳር ስንደርስ እጁን እይዛለሁ። አሁን የሚያዝ እጅ አለው።

ከኦቲዝም ውጭ ላሉ ልጆችም የሚረዳበት ጊዜ አለ። ዊሊያምስ ሲንድሮም (አብሮ የሚወለድ የጂን ችግር) ያለባቸው ልጆች አብዛኞቹ ለድምፅ እጅግ ስሜታዊ ናቸው። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ችግር) ያለባቸው ብዙ ልጆች ደግሞ በድንገተኛ ድምፅ መላ ሰውነታቸው ይደነግጣል። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ካላችሁ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጆሮው ይመርመር፤ በእነዚህ ልጆች ዘንድ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ መጠራቀምና የመስማት መቀነስ የተለመደ ነውና። ልጁ ጆሮውን በድንገት መያዝ ከጀመረም ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

«ልጁን ምን አድርገሽው ነው?» ብሎ የሚያፈጥ ሰው ይኖራል። እንደኔ መልስ መስጠት ግዴታ አይደለም። ጠያቂው ሕፃን ከሆነ ግን ደስ ብሎኝ አስረዳለሁ፤ አብዛኞቹ «እኔም ልሞክረው?» ነው የሚሉት። ልጄም አንዳንዴ ያውስላቸዋል።

ለማን ልምከር? ድምፅ ሲመጣ ጆሮውን በእጁ ለሚይዝ ልጅ። ጭንቅላቱ ላይ ምንም ነገር እንዲነካው ለማይፈልግ ልጅ ግን አትቸኩሉ፤ ኮፍያ መቻሉን አስቀድማችሁ እዩ። ከተቻለ ቅስቱ የሚስተካከል፣ ስፖንጁ የሚቀየር፣ ክብደቱም ቀለል ያለ ምረጡ። የእኛ መሳቢያው ስለላላ ሌላ ልንገዛ ነው። ቀለሙን እሱ መርጧል፤ አሁንም ሰማያዊ ነው።