ዩኒፋይ ዩ6 ኢን-ዎል ለተማሪዎች ዶርም፦ ከፍጥነቱ ይልቅ ፖርቶቹ

የኮሌጅ ዶርም ውስጥ ዋይፋይ ሲዘረጋ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው አክሰስ ፖይንቶችን (ዋይፋይ የሚያሠራጩ መሣሪያዎችን) በኮሪደሩ ጣሪያ ላይ በተርታ መስቀል ነው። ገመድ ይቆጥባል፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። ተማሪ ሲገባ ግን ጉዱ ይወጣል። ኮሪደር ላይ የተደረደሩት መሣሪያዎች ያለ ግርዶሽ ይሰማማሉ፤ በአንድ ቻናል (የሬዲዮ መስመር) ላይ ያሉት ደግሞ አንዱ ሲያወራ ሌላው ዝም ማለት አለበት። ክፍል ውስጥ ያለው ስልክ በበኩሉ በብሎኬት ግድግዳ፣ በብረት በርና በመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ተጋርዶ ሲግናሉ -75 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይበረታል) እና ከዚያ በታች ይወርዳል። አልጋ ላይ ተኝቶ ቪዲዮ ለሚያይ ሰው -65 ገደማ ያስፈልጋል።

ዩኒፋይን የሚሠራው የዩቢኪቲ ኩባንያ ምርት የሆነው ዩ6 ኢን-ዎል አክሰስ ፖይንቱን ከኮሪደር ወደ ክፍሉ ግድግዳ ያመጣዋል። በቀድሞው የኔትወርክ ጃክ ቦታ ይገጠማል። ከጀርባው ኃይልንም ዳታንም በአንድ ገመድ የሚቀበል ጊጋቢት ፖርት፣ ከሥሩ ደግሞ አራት ጊጋቢት ፖርቶች አሉት፤ ከአራቱ አንዱ ለሌላ መሣሪያ ኃይል ያሳልፋል። ለዶርም ጥሩ ዕቃ ነው። ጥሩነቱ ግን ሻጮች ከሚያወሩለት ፍጥነት የመጣ አይደለም።

በማስታወቂያው ላይ ለ5 ጊጋኸርዝ 4.8 ጊጋቢት በሰከንድ ይላል። ይህ የሚገኘው አራት አንቴና ያለው ተቀባይ በ160 ሜጋኸርዝ የቻናል ስፋት ሲገናኝ ነው። አብዛኞቹ ስልኮችና ላፕቶፖች ሁለት አንቴና ነው ያላቸው። በየክፍሉ አክሰስ ፖይንት ባለበት ሕንፃ ደግሞ እንኳን 160 ሜጋኸርዝ 80ውም አይታሰብም፤ ለጎረቤት የሚተርፍ ቻናል አይኖርም። በ40 ሜጋኸርዝ ሁለት አንቴና ያለው ላፕቶፕ ቢበዛ 574 ሜጋቢት ያሳያል፣ በ20 ደግሞ 287። በእጅ የሚገባው ከዚያም ግማሹ ገደማ ነው። ለመሆኑ ወደ ስዊቹ (የየክፍሉን ገመድ ወደሚያገናኘው መሣሪያ) የሚሄደው ገመድ ራሱ 1 ጊጋቢት ሆኖ ሳለ 4.8ቱ በየት በኩል ሊወጣ?

ዋናው ነገር ከሥሩ ያሉት አራት ፖርቶች ናቸው። የጌም ኮንሶል፣ ዴስክቶፕና ቴሌቪዥን በገመድ ሲገቡ አየሩ ለስልኮቹ ይለቀቃል። ከአንድ አሮጌ ገመድ አራት ፖርትና ዋይፋይ ማውጣት፣ ግድግዳ እንደገና ሳይሰበር፣ ትልቅ ነገር ነው።

ያ አሮጌ ገመድ ግን ሳይፈተሽ አይታመንም። ደረጃው ካት 5ኢ ከሆነ ይበቃል፤ ለ1 ጊጋቢት ካት 6ኤ መዘርጋት ገንዘብ ማባከን ነው። በግድግዳ ውስጥ ያለው ርዝመት ከ90 ሜትር፣ ከሁለቱ ጫፍ ፓች ኮርዶች (አጫጭር ማገናኛ ገመዶች) ጋር ደግሞ ከ100 ሜትር አይለፍ። በአሮጌ ሕንፃዎች ብዙ የሚያደናግረው ባለ ስምንት ሽቦው ገመድ ለሁለት ጃክ በአራት በአራት ሽቦ ተከፍሎ ሲገኝ ነው። መሣሪያው በአራት ሽቦም ኃይል አግኝቶ ሊነሳ፣ መብራቱም ሊበራ ይችላል። ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ፍጥነቱ ግን 100 ሜጋቢት ላይ ይቆማል፣ ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋልና። ተከላው እንዳለቀ በኮንትሮለሩ (መሣሪያዎቹን በአንድ ቦታ በሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ላይ የእያንዳንዱን መሣሪያ የገመድ ፍጥነት ተራ በተራ እዩ። 100 ያለበት ክፍል ወይ ገመዱ ተከፍሏል፣ ወይ አንድ ሽቦ ጃኩ ላይ በደንብ አልተገጠመም።

አዲስ ገመድ ከተገዛ ደግሞ መዳብ ይሁን። በርካሽ የሚሸጠው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ተቃውሞው ከፍ ያለ ስለሆነ ረጅም መስመር ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ መሣሪያው ሥራ ሲበዛበት፣ ማለትም ተማሪ ሁሉ ኦንላይን በሆነበት ማታ፣ ጠፍቶ ይነሳል። መለያው ቀላል ነው፤ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ ማድረግ። ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ብቅ ካለ ካርቶኑን መልሱት።

ቀጥሎ ኃይል። መሣሪያው ፒኦኢ ፕላስ (በኔትወርክ ገመድ ኃይል የማድረስ ደረጃ) ይጠይቃል፤ በዚህ ደረጃ ስዊቹ በአንድ ፖርት እስከ 30 ዋት ይሰጣል፣ ገመዱ ከወሰደው በኋላ መሣሪያው ጋ እንደሚደርስ የሚታሰበው 25.5 ነው። ስዊች ሲገዛ ግን መታየት ያለበት ጠቅላላው አቅም ነው። 48 ፖርት ያለው ስዊች በጠቅላላ 370 ዋት ከሆነ ለአንድ ፖርት የሚደርሰው 7.7 ዋት ነው። ለአንድ ክፍል 12 ዋት ብትይዙ 48ቱ 576 ዋት ይፈልጋሉ። ሲጎድል ስዊቹ ቅድሚያ ያልተሰጣቸውን ፖርቶች ኃይል ይነፍጋል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም በአንዴ ሲነሱ የተወሰኑ ክፍሎች ብቻ ያለ ኔትወርክ ይቀራሉ፣ ጥፋቱም በመሣሪያው ይሳበባል። ኃይል በሚያሳልፈው ፖርት በኩል ስልክ ወይም ካሜራ ለማንቀሳቀስ ካሰባችሁ የእሱንም ዋት ደምሩ።

የሬዲዮው አቀማመጥ ብዙ ሐተታ አያሻውም። 2.4 ጊጋኸርዝ የማይደራረቡ ሦስት ቻናሎች ብቻ ስላሉት (1፣ 6 እና 11) ከአራት ክፍል በሦስቱ አጥፉት። 5 ጊጋኸርዙን በ20 ወይም በ40 ሜጋኸርዝ፣ ጉልበቱን ከ11 እስከ 14 ዲቢኤም አድርጉት። አውቶማቲክ ላይ መተው ብዙ ጊዜ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ጎረቤትን ማስጮህ ይሆናል። ፊት ለፊቱ ያለውን መብራትም ከኮንትሮለሩ አጥፉት፤ ካልጠፋ ተማሪው እንቅልፍ ሲነሳው ፎጣ ያለብሰዋል፣ መሣሪያው ደግሞ በፎጣ ሥር ይግላል። የብረት ቁም ሣጥን የሚቆምበት ግድግዳ ላይ ከሆነ ጃኩ የሚሻለው ቦታውን መቀየር ነው።

አራቱ ፖርቶች በረከትም መዘዝም ናቸው። አንድ ሰው ፓች ኮርድ ከአንዱ ፖርት ወደ ሌላው ሲሰካ ሉፕ ይፈጠራል፣ ዳታው ዙሪያውን እየተሽከረከረ ኔትወርኩን ያፍነዋል፤ በስዊቹ ላይ የሉፕ መከላከያ ይብራ። ሌላው፣ የራሱን ራውተር በላን ፖርቱ (ለውስጥ ኔትወርክ በተሠራው) በኩል የሚሰካ ተማሪ ነው። ራውተሩ በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ለጎረቤቶች ማደል ይጀምራል፣ ፎቁ በሙሉ «ዋይፋይ አለ፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል። በስዊቹ ላይ የዲኤችሲፒ ጥበቃ (ያልተፈቀደ መሣሪያ አድራሻ እንዳያድል የሚከለክል) ከተከፈተ ችግሩ ከዚያ ክፍል አይወጣም። ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ግን አያድናቸውም፤ በእነሱና በራውተሩ መካከል ያለው ልውውጥ ስዊቹ ጋ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል።

አገባቡን በተመለከተ፣ ለላፕቶፕና ለስልክ 802.1ኤክስ (እያንዳንዱ ተጠቃሚ በራሱ መለያ የሚገባበት አሠራር) ጥሩ ነው፤ ጌም ኮንሶሎች፣ ቴሌቪዥኖችና ፕሪንተሮች ግን በአብዛኛው አይችሉትም። ለእነሱ የዩኒፋይ የግል ፓስዎርድ አሠራር አለ፦ የኔትወርኩ ስም አንድ ሆኖ ለየተማሪው ወይም ለየክፍሉ የተለያየ ፓስዎርድ ይሰጣል፣ ፓስዎርዱም ወደ ተመደበለት ቪላን (ከሌሎች የተለየ ንዑስ ኔትወርክ) ያስገባል። ስልኩና ቴሌቪዥኑ አንድ ቪላን ውስጥ ከሆኑ ይተያያሉ። ገደቡ በደብሊውፒኤ2 (በቆየው የዋይፋይ ደህንነት ደረጃ) ብቻ መሥራቱ ነው። በማክ አድራሻ (በመሣሪያው መለያ ቁጥር) መመዝገብን ግን እርሱት፤ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች የውሸት አድራሻ ነው የሚያሳዩት።

ለመሣሪያዎቹ የሚታደለው የኔትወርክ አድራሻም ሰፋ አድርጎ መያዝ ነው። 400 አልጋ በአራት መሣሪያ 1,600 ይሆናል፤ የተለመደው 24 ቢት ኔትወርክ የሚይዘው 254 አድራሻ ነው፣ 21 ቢቱ ደግሞ 2,046።

ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ይገዛ ወይ? አራት አልጋና ከዚያ በላይ ላለው ክፍል አዎ። ባለ ሁለት አልጋ ክፍሎች በጂፕሰም የተለያዩ ከሆነ ለዋይፋዩ አንድ ክፍል መዝለል ይቻላል፤ የተዘለለው ክፍል ግን የገመድ ፖርት ያጣል። ሩከስ ኤች550 የቅርብ ተፎካካሪው ነው፤ እሱም ዋይፋይ 6 ነው፣ በ5 ጊጋኸርዝ ሁለት አንቴና ብቻ አለው፣ አራት የክፍል ፖርቶችም አሉት። በ40 ሜጋኸርዝ ዶርም ውስጥ የአንቴናው ልዩነት ለአንድ ተማሪ ስልክ እምብዛም አይታወቅም። ብዙ ሕንፃ፣ ብዙ ሺህ ፓስዎርድና ከተማሪ መዝገብ ጋር የተያያዘ አሠራር ካለ የሩከሱ የፓስዎርድ ሥርዓት የበሰለ ነው። አንድ ሁለት ሕንፃ በጥቂት ባለሙያ ለሚያስተዳድር ኮሌጅ ግን ዩ6ቱ ይበቃዋል፤ ከስዊቹ ዋትና ከገመዱ መጀመሩን ካልረሳ።