ጊታር በእጃችሁ የምትሠሩ ሰዎች፣ መርካቶ የፍሬት መጋዝ ስትገዙ ተጠንቀቁ

ከሱቁ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም፤ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። ቅዳሜ 4,800 ብር ከፍዬ የገዛሁት የፍሬት መጋዝ፣ ማለትም ጊታር አንገት ላይ አግድም የሚደረደሩት የብረት ሽቦዎች (ፍሬቶች) የሚገቡበትን ቀጭን ቦይ የሚቆርጠው መጋዝ፣ አራት ዓመት ያደረቅኩትን ወይራ አበላሽቶብኛል። ብሩስ ይቅር። ወይራው አጎቴ ግቢ ነፋስ የጣለው ዛፍ ነው፤ ራሴ አስሰንጥቄ፣ እንዳይሰነጠቅ ጫፍና ጫፉን ኮላ ቀብቼ፣ አልጋ ሥር ያቆየሁት። የጊታሩን አንገት ከዋንዛ ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ፍሬትቦርዱ፣ ማለትም ፍሬቶቹን ይዞ አንገቱ ላይ የሚለጠፈው ጣውላ፣ ብቻ ነበር፤ ወይራውም ለእሱ ነበር።

የእጅ መሣሪያ የሚሸጡትን የመርካቶ ልጆች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። «ኦርጅናል ነው»፣ «የጀርመን ነው»፣ «ላንተ ብዬ ነው»። ይሄ ወሬ እኔንም አያታልለኝም። እኔን ያታለለኝ ዓይኔ ያየው ነገር ነው።

ሻጩ ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት መጋዞች ቢጫ እጀታ ያለውን አንስቶ አንድ ቁራጭ እንጨት ቆረጠልኝ። እኔም ኪሴ ይዤው የሄድኩትን የፍሬት ሽቦ ቁራጭ ቦዩ ውስጥ ጫንኩት። ጥብቅ አለ፤ ለማውጣት ጥፍሬን ተጠቀምኩ። ደስ አለኝ። «ይሄ ማሳያ ነው የኔ ወንድም፣ አንተ አዲሱን ውሰድ» ብሎ ጎንበስ አለና ከሥር በፕላስተር የታሸገ ካርቶን አወጣ። ልከፍተው እጄን ስዘረጋ ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። «ከተከፈተ ማንም አይገዛኝም፤ ያው አንድ ነው» አለኝ። ይህን እያለ ፌስታሉን አስሮ ጨርሷል። እኔም በቴሌብር ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ያቺን ካርቶን ሲስብ ያየሁት እጅ አሁንም ከፊቴ አልጠፋም። እዚያው ላይ ነበር መንቃት የነበረብኝ፤ ዝም አልኩ።

የፍሬት ሽቦ ከሥሩ ቀጭን ምላስ አለው። ያ ምላስ የሚገባበት ቦይ ስፋቱ 0.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ ከሰፋ ፍሬቱ አይያዝም፣ ይነሳል፣ ክሩ ይንጫጫል። የተሸጠልኝ ግን ጥርሱ ግራና ቀኝ የተጣመመ፣ እጀታው ብቻ ቢጫ የተቀባ፣ ከተራ ሴጌቶ የማይለይ ነገር ነው። የቆረጠውን በካሊፐር ስለካው 0.95 ሆነ።

ስለካው ግን ረፍዶ ነበር። ሱቅ ውስጥ ሞክሬዋለሁ ብዬ በማመኔ 22ቱንም ቦይ ሁለት ማታ ቁጭ ብዬ ቆርጬ ጨርሼ ነበር። ልኬቱ ላይ አንድም ስህተት የለብኝም። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር፣ የመጀመሪያው ፍሬት ከክሩ መነሻ በ36.4፣ አሥራ ሁለተኛው ልክ መሀሉ ላይ በ324። የመጀመሪያውን ፍሬት አስቀምጬ መዶሻ ሳነሳ ሽቦው ራሱ ወደ ውስጥ ወደቀ። ፍሬትቦርዱን ስገለብጠው ተመልሶ መሬት ላይ ወደቀ። አንድ ቦይ ብቻ ቆርጬ ብሞክር ኖሮ ወይራዬ ይተርፍ ነበር። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ዛሬ ጠዋት መጋዙንና እንጨቱን ይዤ ሄድኩ። ሻጩ እንጨቱን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

«ቆርጧል ወይስ አልቆረጠም?»
«ቆርጧል፣ ግን…»
«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ? መጋዝ ነው የገዛኸው።»

አጠገቡ ያለው ልጅ «ጊታር እኮ ተሠርቶ ይሸጣል» ብሎ ሳቀብኝ። ያ የማሳያ መጋዝ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። እሱን ስጡኝና ይሄን ውሰዱ አልኳቸው። «የሚሸጥ አይደለም» አሉኝ። ሌላ ወጣት ቆሞ እንጨት ሲቆረጥለት እያየ ነበር። ወንድሜ ተው እንዳልለው ያ የሳቀብኝ ልጅ ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ገፋኝ። ያ ወጣት ገዝቶ ከሆነ ይህን ካነበበ ቢያንስ ቶሎ አይቁረጥበት።

የምትወስዱትን መጋዝ ራሱን አስከፍታችሁ ቁረጡበት፤ የራሳችሁን ሽቦ አስገቡበት። አናስከፍትም ካሉ ውጡ። ደረሰኝም ተቀበሉ።

50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 7 ሳንቲ ስፋት ያለው በደንብ የደረቀ ወይራ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።